ክርክር፦ ሆያ ሆዬ ግቢያችን ይግባ ወይስ በር ላይ ይቅር?

ብሎክ 14 (አወያይ)
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የግቢያችን ኮሚቴ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ዘንድሮ ለቡሄ ከውጭ የሚመጡ ጨፋሪዎች አይገቡም። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ የግቢው ልጆችም ቤት ለቤት አይዞሩም። በምትኩ ከየቤቱ 100 ብር ተዋጥቶ ለሕፃናቱ ሜዳ ላይ ሙልሙል ይታደላል። ምክንያቱን ሦስት አድርጎታል፦ ጫጫታ፣ ስርቆት፣ «ባህሉ ወደ ልመና መለወጡ»። ሁለቱን ለኮሚቴው ልተውለት። እኔን የቆረቆረኝ ሦስተኛው ነው። እውነት ልመና ሆኗል? ከሆነስ ማን አደረገው?

የራሴን አቋም አልደብቅም፣ ማስታወቂያውን አልደግፍም። ግን አምና አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው በሬን በዱላ ሲደበድቡት እኔም ጮኬባቸዋለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ተናገሩ። ስድብ የለም።

እናት በጀሞ
እኔ እደግፋለሁ። ድሮ የሚጨፍረው የሰፈር ልጅ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ካጠፋ ለእናቱ ትነግራለህ። አሁን በሬን የሚያንኳኳው ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ነው። አላውቀውም። ባለቤቴ መስክ ነው፣ ቤት ያለነው እኔና ሁለት ሕፃናት ነን። ሃያ ብር ብሰጠው አገላብጦ አይቶ «እማዬ፣ ይሄ ዛሬ ምን ይገዛል?» አለኝ። ብዙ እንደማይገዛ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ የኑሮ ውድነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ደግሞ የሚጀምሩት ከነሐሴ መባቻ ነው። ቡሄ ሁለት ሳምንት ሆነ እኮ!

ሁለተኛ ዓመት
እትዬ፣ ጢም ያበቀለው እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ይቅርታ። ሃሃ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ሰባት ዓመት አውጪ ነበርኩ። ስለዚህ ከዱላው በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ስምንት ሆነን ነበር የምንወጣው። አንድ አውጪ፣ ስድስት ተቀባይ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ። ገንዘብ ያዡ የሚመረጠው በታማኝነቱ ሳይሆን ቀስ ብሎ ስለሚሮጥ ነው። ይዞ ቢጠፋ እንድንደርስበት። ቡሄ የሚውለው ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደብተር የገዛንበት ዓመት አለ። አንድ ዓመት ኳስ ገዝተን በሦስተኛው ቀን ተጣልተንበታል።

ሙልሙል ጠፋ የምትሉት እውነት ነው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ሦስት ብሎክ ዞርን። ሙልሙል የሰጡን ሁለት ቤቶች ናቸው፤ እሱም ከዳቦ ቤት የተገዛ። ሌላው ሁሉ «ዝርዝር የለኝም» ነው። ስለዚህ የቴሌብር ቁጥር ካርቶን ላይ ጽፈን ያዝን። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ግን ዘጠኝ ሰው ላከልን።

አቡክቶ፣ በኮባ ጋግሮ የሚጠብቀን ቤት ካለ ብር አንጠይቅም ነበር። እምላለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ስሙ ነው እንጂ ልጅነቱስ ካለፈ ቆይቷል። እኔ የጨፈርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር ችቦው ቶሎ ተለኩሶ ቶሎ ይጠፋል።

«በእኛ ጊዜ ሙልሙል ብቻ ነበር» የሚል ሰው ካለ ረስቷል። ስሙኒ የሰጠ ቤት ከሙልሙሉ ቤት ይልቅ ረዘም ያለ ግጥም ይወጣለት ነበር። ሽልንግ የሰጠማ ቤቱን በወርቅ፣ ደጁን በእህል እንሞላለታለን። ያልሰጠ ደግሞ ከበሩ ሳንርቅ ይወርድበታል። ግጥሙ ራሱ ድርድር ነው። አወድስሃለሁ፣ ስጠኝ። ካልሰጠኸኝ ሰፈሩ ይስማው። ይህን ልመና ካላችሁት እኔም ለምኛለሁ፣ አባቴም ለምኗል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግጥሙ ውስጥ አጋፋሪ የሚባል ሰው አለ፣ ድግስ የሚደግስ። አጋፋሪ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር የሚያስተናግድ ሹም ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ ሹመቱም ሹሙም የለም። እኛ ስንዘፍነው ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ የዛሬዎቹም አያውቁም። ግን አልጣሉትም። ከጎኑ የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ጨምረውበታል። አምና አንዱ እኔን የአርሰናል ደጋፊ መስዬው ለዋንጫ መረቀኝ። አይደለሁም፤ ሃምሳ ብር ሰጠሁት።

እኔን የሚያናድደኝ ርችቱ ነው። ጅራፍ ለመግመድ ሳምንት ይፈጅ ነበር፣ ቃጫና ልጥ ፍለጋ ስንዞር። ማጮኹም ሙያ ነው፤ ያላወቀ ጆሮውን ይገርፋል። ርችት ግን ገዝተህ ትለኩሳለህ፣ ጧ ይላል፣ አለቀ።

ዲያቆን ነኝ
በጅራፉ እስማማለሁ፣ በቀረው ግን ላርም። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ነው፤ ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት። እረኞቹ ከብርሃኑ የተነሳ ቀን መስሏቸው በመስክ ቀሩ። ወላጆቻቸው ችቦ ለኩሰው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ የዚያ ምሳሌ ነው። ጅራፉ ደግሞ ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል። እንግዲህ ሙልሙሉን በብር፣ ጅራፉን በርችት፣ ችቦውን በምንም ከተካን ምን ቀረ? የቀረው ዱላ ነው።

ደግሞ ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ ጾም ነው። በተሰበሰበው ብር ቢራ ቤት የሚገቡ እንዳሉ አንሸፋፍን። ልመና አልለውም። ባዶ ሆኗል እላለሁ።

ሁለተኛ ዓመት
ዲያቆን፣ ቢራውን አልክድም። የእረኞቹን ታሪክ ግን እኔ የሰማሁት 17 ዓመቴ ላይ ነው፣ እሱም ከሬዲዮ። ሰባት ዓመት ሙሉ በር ሳንኳኳ አንድም ትልቅ ሰው አስቁሞ አልነገረኝም። ወይ ብር ይሰጡኛል፣ ወይ «ሂድ ከዚህ» ይሉኛል።

ዲያቆን ነኝ
ይህን እቀበላለሁ። የእኛም ጥፋት አለበት።

የመርካቶዋ
እኛ ቤት ቡሄ አይከበርም፣ ሙስሊም ነን። ግን እናቴ ሐምሌ ሲጋመስ ጀምራ በወተት ቆርቆሮ ሳንቲም ታጠራቅም ነበር። ሙልሙል ለምን ትጋግራለች? የእሷ በዓል አይደለም። ልጆቹ ግን ደጃችንን ዘለው አያልፉም። ወንድሞቼም ዱላ ይዘው አብረው ይወጡ ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ከሰፈሩ የታወቀ አውጪ ነበር። እና «ብሩ አበላሸው» ስትሉ ትንሽ ይከፋኛል። እኛ ሳንቲሙን ይዘን ነው ቡሄ ውስጥ የገባነው።

ሌላው፣ ማንም ያላነሳው። እኔ አልወጣም ነበር። ሴት አትጨፍርም፤ የሴት ወረፋ በእንቁጣጣሽ ነው፣ አበባየሆሽ። አምና ግን ሴት አውጪ አየሁ። 14 ዓመት ቢሆናት ነው። ድምጿ ከሦስት ወንድ ይበልጣል። ወንዶቹ እየተቀበሏት፣ እሷ ዱላ እያሽከረከረች። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ አይቼ አላውቅም፣ ሁለት መቶ ብር መዥረጥ አድርጌ ሰጠኋት። ይህስ መበላሸት ነው?

እናት በጀሞ
እሱስ ደስ ይላል። የእኔም ልጅ ልውጣ ብላለች። ማታ ስለሆነ አልፈቀድኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ቡሄን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው የምናከብረው። ልጆቹ ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፈው ይዘው ያነባሉ። ምንጣፍ ስለሆነ ዱላው አይሰማም። ቤት ለቤት እንዳይሉ ጎረቤቱ ፖሊስ ይጠራል ብለን እንፈራለን። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ግን ሃሎዊን ነው ተብሎ እነዚሁ ልጆች የፈረንጁን በር ሁሉ ያንኳኳሉ። ከረሜላ ሰጥቶ «ለመኑኝ» ያለ አልሰማሁም። እናንተ የሚንኳኳ በር እያላችሁ ልትዘጉት ነው?

እናት በጀሞ
እህቴ፣ አንቺ ጋ ፖሊስ ሲጠራ ይመጣል።

ከካዛንቺስ የተነሳሁ
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ከውጭ የሚመጡ» የሚለው ቃል ነው ያናገረኝ።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እኛ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ጎረቤቶቻችን ሌላ ሌላ ቦታ ሄዱ። እድራችን እንኳ የተረፈው በስልክ ነው። የልጄ የቡሄ ቡድን ሰባት ልጅ ነበር። ሰባቱም አራት ቦታ ተበተኑ። አዲሱ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም፤ የግቢው ልጆች የራሳቸው ቡድን አላቸው፣ አላስገቡትም።

አምና ነሐሴ 12 ማታ አራት ሰዓት ሆኖት መጣ። ልገርፈው ነበር። የት ነበርክ ስለው፣ በቴሌግራም ተጠራርተው ሜክሲኮ ላይ ተገናኝተዋል። ሰባቱም። ከዚያ የማያውቁት ሰፈር ገብተው ጨፈሩ። የትራንስፖርታቸውን እንኳ አልሸፈነም ያገኙት። «ታዲያ ለምን ሄዳችሁ?» ብለው «ካልጨፈርንማ መቼ እንገናኛለን?» አለኝ።

እና በራችሁ ላይ የቆመው የማታውቁት ጎረምሳ እሱ ሊሆን ይችላል። የራሱ ሰፈር ቢኖር እናንተ ጋ አይመጣም ነበር።

ብሎክ 14 (አወያይ)
እኔ ከዚህ በኋላ የምጨምረው የለኝም። ከኮሚቴው ያለ ሰው ካለ ይናገር።

ኮሚቴ ውስጥ ነኝ
አለሁ። ክፉ ሰው አታድርጉኝ፣ እኔም ጨፍሬ ነው ያደግኩት። ግን ስለ ዱላው ላስረዳ። ድሮ ዱላው የሚመታው አፈር ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ስምንት ልጅ ሲሚንቶ ሲደበድብ ሕንፃው በሙሉ ከበሮ ይሆናል። ብሎክ 9 አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉ። አምና ልጃቸው እያለቀሰች ደወለችልኝ። ስርቆቱም ውሸት አይደለም፤ በዚያው ማታ ከደረጃ ሥር ሲሊንደር ጠፍቷል። ልጆቹ ወሰዱት አላልኩም። ግን በሩ ክፍት የነበረው ለእነሱ ነው። «ልመና» የሚለውን ቃል የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ተቃውሜ ነበር።

የአራት ኪሎ ልጅ
ያ የጋራ ማብሰያ ቤትስ? ሲሠራ ለድግስ ተብሎ አልነበረም? እናቶች እዚያ ይጋግሩ፣ ልጆቹ ደጁ ላይ ይጨፍሩ። አፈር አለው።

ኮሚቴ ውስጥ ነኝ
ተከራይቷል ጋሼ። ሱቅ ሆኗል።

የአራት ኪሎ ልጅ
በሉ እንግዲህ ባህል ያበላሸው ማን እንደሆነ ንገሩኝ።

ኮሚቴ ውስጥ ነኝ
ከሰዓት ተሰብስበን ነበር። ማስታወቂያው ይሻሻላል። ነሐሴ 12 ከ12 እስከ 3 ሰዓት በሩ ክፍት ነው፣ ከውጭም ይግቡ። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለው መሬት ላይ ይጨፈራል፤ መስጠት የፈለገ ይወርዳል። የዕድሜው ነገር ቀርቷል። ደረጃ የሚወጣ ግን ዱላ አይዝም።

ሁለተኛ ዓመት
ያለ ዱላ ምን ልንመታ ነው?

ኮሚቴ ውስጥ ነኝ
አጨብጭቡ።

የመርካቶዋ
አጨብጭቡ? ጉድ ፈላ! እሱማ አበባየሆሽ ሆነ።