45ኤስ5 ባዮአክቲቭ መስታወት ሴሎቹን ለምን ገደለ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የተጠቀምኩት በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማጽጃ) የጸዳ፣ ከ45 ማይክሮን በታች የተነፋ የ45ኤስ5 (አጥንት እንዲያድግ የሚረዳ መስታወት) ዱቄት ነው። በ10 ሚሊ ሊትር ሚዲያ (ሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) 100 ሚሊ ግራም ጨምሬ አጥንት ሠሪ ሴሎች ላይ አደረግኩት። በማግስቱ ሚዲያው ሐምራዊ ሆነ፤ ሴሎቹም ተድቦልቡለው ከሳህኑ ለቀዋል። አጥንት ያበቅላል የተባለ ነገር እንዴት ይገድላል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ቀለሙ ነግሮሃል፤ ሚዲያው ውስጥ ያለው ጠቋሚ ቀለም ፌኖል ሬድ እንዲህ የሚሆነው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል) ወደ 8 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። መስታወቱ በክብደት 45% ሲሊካ፣ 24.5% ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5% ካልሲየም ኦክሳይድና 6% ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ነው። ሲሊካው ትንሽ ስለሆነ የመስታወቱ የአቶም መረብ ላላ ያለ ነው። እርጥበት ሲነካው ሶዲየሙና ካልሲየሙ ወጥተው የውሃው ሃይድሮጂን አዮን (ሙል ያለው አቶም) ቦታቸውን ይይዛል። ሃይድሮጂኑ ባነሰ መጠን ፒኤቹ ይወጣል፤ የወጣው ፒኤች ደግሞ የሲሊኮንና የኦክስጅንን ትስስር እየበጠሰ ሟሟቱን ያፋጥነዋል። ከዚያ ገጹ ላይ የሲሊካ ጄል ይቀራል፤ በጄሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ይጋገራል፤ ውሎ አድሮም የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ካርቦኔት ያለው አፓታይት ይሆናል። ኃይለኛው ሟሟት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ሴሎችህን ያገኛቸውም እሱ ነው። ሰውነት ውስጥ ፈሳሹ ስለሚዘዋወር ከመስታወቱ የሚወጣው አይጠራቀምም፣ ሳህን ውስጥ ግን የትም አይሄድም።

መልስ 2
አውቶክሌቩን ተወው፤ እንፋሎቱ ገና ሳትጀምር ገጹን ያሟሟዋል። በደረቅ ሙቀት፣ በ160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት አጽዳው፤ በውሃም አትጠበው፣ በንጹህ ኤታኖል ይሁን። ቀጥሎ ሴረም (ለሴሎቹ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ) በሌለው ሚዲያ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ሚዲያውን ቀይር፣ ፒኤቹ ከ7.4 ብዙ እስከማይርቅ ድረስ ድገመው። ሚዲያውን የምትለካው ከ5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር (ሴል ማሳደጊያ ሣጥን) እንደወጣ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ጋዙ ወጥቶ ፒኤቹ በራሱ ያሻቅባል፣ ያን ጊዜ መስታወቱን በከንቱ ትከሳለህ።

መልስ 3
ዱቄቱ ሴሎቹ ላይ መውደቁም ችግር ነው፤ ቅንጣቱ ራሱ ይፍቃቸዋል። ዱቄቱን በሚዲያ 24 ሰዓት አናውጠህ በ0.22 ማይክሮን አጣራው፣ ሴረሙን ኋላ ጨምር፤ ሙሉውን፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን እያቀጠንክ ሞክር። ጎን ለጎን መስታወት የሌለው ግን ፒኤቹ እኩል የተደረገ ሚዲያ አስቀምጥ፤ ያለ እሱ የገደለው ፒኤቹ ይሁን አዮኑ መለየት አትችልም። ሲሊኮን፣ ካልሲየምና ፎስፎረስንም አስለካ። አፓታይቱ ሲጋገር ፎስፌቱን ከሚዲያው ይስበዋል፤ ስለዚህ ሴሎች ሲዳከሙ አንዳንዴ ጥፋቱ የጨመርከው ሳይሆን የጎደለው ነው።