ክርክር፦ ገዳዩ በ20ኛው ክፍል የመጣ ሰው ከሆነ ተመልካቹ ተታሏል?

አወያይ፦
ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ያለን የድራማ ሰዎች ሰሞኑን የተነታረክንበትን ጉዳይ እዚሁ እንጨርሰው። በሳምንት አንዴ የሚተላለፍ፣ 50 እና 60 ክፍል የሚዘልቅ ምስጢራዊ ድራማ ላይ፣ ታሪኩ ከተጋመሰ በኋላ አዲስ ገጸ ባሕሪ ማስገባት ያስኬዳል? ካስኬደስ ያ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል? አሠራር አምጡ። «ሕዝቡ ይወደዋል» መልስ አይደለም።

ለገጣፎ (ጸሐፊ)፦
ጥፋተኛ ሆኖ ከሆነ አያስኬድም። በሌላ ድራማ ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ያያል፤ በዚህኛው ግን ሥራ ተሰጥቶታል። ተጠርጣሪዎቹን ይቆጥራል፣ አንዱን ይሰርዛል፣ ከሚስቱ ጋር ይወራረዳል። 40 ሳምንት ካስቆጠርከው በኋላ ያልነበረ ሰው አምጥተህ «ገዳዩ ይኼ ነው» ካልከው ልፋቱን ነው የቀማኸው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ በ1929 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 10 ሕጎች የመጀመሪያው «ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው ይሁን» ነው። አሥረኛው ደግሞ መንታ ወንድም ሳታዘጋጁን አታምጡብን ይላል። ይኼ ከተባለ 100 ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ዛሬም ከአሜሪካ የተመለሰ መንታ ቦሌ ላይ እናወርዳለን።

ሰበታ (ፕሮዳክሽን ማናጀር)፦
ወንድሜ፣ ቄሱ የጻፉት ለመጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ቪዛ አያገኝም። 60 ክፍል ማለት ሳምንት ሳይዘለል ቢሄድ እንኳ ከዓመት በላይ ነው። በዚህ መሃል ዋና ተጠርጣሪህን የሚጫወተው ልጅ ለፌስቲቫል ወጥቶ እዚያው ይቀራል፣ አንዷ ታረግዛለች፣ የሌላው የቴአትር ቀን ከቀረጻህ ጋር ይጋጫል። ያኔ ያለህ ምርጫ ሦስት ነው። ገጸ ባሕሪውን ብትገድል ከተጠርጣሪዎችህ አንዱን ነፃ አወጣህ፣ ማለትም ሳትፈልግ ግማሽ መልስ ሰጠህ። በሌላ ተዋናይ ብትተካው ኮሜዲ ላይ ሰው ስቆ ያልፈዋል፣ እዚህ ግን ተመልካች ማስረጃ የሚፈልገው ፊት ላይ ነው፤ «በ3ኛው ክፍል በር ላይ የቆመው ይኼ ሰውዬ አይደለም እኮ» ይልሃል፤ የድሮውን ሲን (ትዕይንት) ደግመህ ልታሳየውም አትችልም። የቀረህ የሰውየውን ጉዳይ የሚረከብ አዲስ ሰው ነው፤ ባለዕዳ፣ ወራሽ፣ ጠበቃ፣ የድሮ ሚስት። አማርጠን ሳይሆን ተገደን ነው የምናስገባው።

አያት (ኤዲተር)፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር እያቀላቀላችሁ ነው። ስክሪን ላይ ዘግይቶ የመጣ ሰውና ታሪኩ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም። ሎስት የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ያየ ያስታውሳል። በሦስተኛው ሲዝን፣ 2006 እ.ኤ.አ. ላይ፣ ኒኪና ፓውሎ የሚባሉ ጥንዶች ከመጀመሪያው አብረው እንደነበሩ ተደርገው ገቡ። አንድም ቀን ያላየናቸው ሰዎች በነባር አንደበት ማውራት ጀመሩ፤ ተመልካች አልዋጥ አለው፣ እዚያው ሲዝን ሳያልቅ ከነሕይወታቸው ተቀብረው ከታሪኩ ወጡ። በሁለተኛው ሲዝን ግን ወጥመድ ውስጥ የተገኘ፣ የሐሰት ስም የሰጠ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ተዋናዩ ማይክል ኤመርሰን የተቀጠረው ለሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ በኋላ ድራማው እሱ ላይ ቆመ። እንግዳ ሆኖ የመጣና ሁሉም በጥርጣሬ ያየው ሰው ተመልካችን አያስቀይምም፤ «ማን ነው?» ራሱ አዲስ እንቆቅልሽ ነውና። «እኔ እኮ ድሮም ነበርኩ» የሚል ግን ፉቴጅ (የተቀረጸ ምስል) ማቅረብ አለበት። ኤዲቲንግ ላይ ተቀምጬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የነበረበት ሾት የታለ?

ለገጣፎ (ጸሐፊ)፦
እሺ፣ ግን ያ እንግዳ እኮ ከእሱ በፊት የተፈጸመ ወንጀል ፈጻሚ ሆኖ አልመጣም። የኔ ጥያቄ በክፍል 1 ለሞተው ሰው ገዳይ ሆኖ ስለሚመጣው ነው። አታንሸራትቺው።

ሱሉልታ (የድሮ የሬድዮ ድራማ ጸሐፊ)፦
ልጆች፣ እኛ ሀገር ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ የለቅሶ ድንኳን። ሟቹን በክፍል 1 ከገደላችሁ ድንኳን ትተክላላችሁ፤ ድንኳን ውስጥ ማንም ማንንም «አንተ ማነህ?» አይልም። እድርተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ ሟቹን ጭራሽ የማያውቅ ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ከ40 እስከ 60 ኤክስትራ (አጃቢ ሰው) ካስገባችሁ ከመሃላቸው አራት እውነተኛ ተዋናይ ደብልቁ። አንድ ብቻ አይሁን። ለእያንዳንዱ አንዲት ቃል አልባ ድርጊት ስጡት፦ አንዱ ንፍሮውን ተቀብሎ ሳይቀምስ አጠገቡ ላለው ያቀብል፤ አንዷ የሟችን ፎቶ እያየች ነጠላዋን ትሳብ፤ አንዱ ጫማውን ያውልቅና ጭቃውን ያራግፍ፤ አንዱ ሁሉም ሲቀመጥ ይውጣ። ካሜራው እየተንቀሳቀሰ ያልፋቸው፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ክሎዝ አፕ ከወሰዳችሁ፣ ማለትም ፊቱን አቅርባችሁ ካሳያችሁ፣ አለቀላችሁ፤ ያን ዕለት ማታ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። ከአራቱ ማን እንደሚመለስ ገና አልወሰናችሁም እንበል፤ ችግር የለም። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በአርባው አዲስ ዘመድ ብቅ ቢል የሚገረም የለም፤ በሙት ዓመቱም እንዲሁ። ሰውየው በ20ኛው ክፍል «መጣ» ስትሉ ተመልካቹ ተመልሶ ክፍል 1ን ይከፍትና ንፍሮውን ያገኘዋል። ያኔ ራሱን ይረግማል እንጂ እናንተን አይረግምም።

አያት (ኤዲተር)፦
ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ብልሽቱን ልጨምርበት። አንደኛ፣ ድንኳኑ ከተቀረጸ በኋላ ሜሞሪ ካርዱ ፎርማት ይደረግና የሚቀረው ተቆርጦ የተላለፈው ምስል ብቻ ይሆናል። በኋላ ሌላ አንግል ስትፈልጉ የለም። የድንኳኑን ጥሬ ፉቴጅ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ሁለቱን አንድ ቢሮ አታስቀምጡ። ሁለተኛ፣ አራቱን ተዋንያን በልብሳቸው ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሷቸው፤ ጫማ ሳይቀር። ሦስተኛ፣ ድምፅ አታናግሯቸው። ያን ቀን አንድ ቃል የተናገረ ተዋናይ ከስምንት ወር በኋላ የተለየ የአነጋገር ዘዬ ይዞ ከመጣ ታሪኩ ፈረሰ።

ሰበታ (ፕሮዳክሽን ማናጀር)፦
አራት ተዋናይ ላልተወሰነ ጊዜ በውል ማሰር ደግሞ የማን በጀት ነው? ተዋናይ «ምናልባት እንፈልግሃለን» ተብሎ ጺሙን ይዞ አይቀመጥልህም። በወረቀት ላይ ሊገባ የሚችለው ይኼ ነው፦ የዕለቱ ክፍያ፣ ምስሉን በፍላሽባክ (ያለፈውን መልሶ በሚያሳይ ትዕይንት) ደግሞ የመጠቀም ፈቃድ፣ ከተጠራ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚመጣ። ፈቃዱ ካልተጻፈ በ30ኛው ክፍል ምስሉን ስታወጣው ሌላ ክርክር ይከፈትብሃል፤ እሱ የሚካሄደው ደግሞ እዚህ ሳይሆን ጠበቃ ቢሮ ነው።

ኮዬ ፈጬ (በየሳምንቱ የድራማ ግምገማ የምጽፍ)፦
እናንተ ስለ ስክሪፕት ታወራላችሁ፤ እኛ ግን ገዳዩን የምናውቀው ከስክሪፕት አይደለም። ታዋቂ ተዋናይ ጥበቃ ሆኖ በር ከከፈተ ጥበቃ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። መጨረሻ ላይ ክሬዲት ስታወርዱ የገጸ ባሕሪውን ስም ከነአባቱ ትጽፋላችሁ፤ እዚያው ያልቃል።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ድራማ የወደቀበት ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ቀይሮ ዝምድና ይደብቃል። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም አባት ነው። አዲሷ ልጅ የሟቹ የተደበቀች ልጅ ከሆነች ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ስትሰጥ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሙሉ ስሟን ነው። «ሄለን» ብላ ዝም ካለች ጸሐፊው እያጭበረበረ ነው፤ መርማሪ በአንድ ስም ቃል አይቀበልም። መላው ሁለት ነው። አንዱ፣ አያቷ ዘንድ አድጋ በአያቷ ስም የምትጠራ ማድረግ፤ ይኼ በየሰፈሩ ያለ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሌላው፣ ሟቹን ከመጀመሪያው ታደሰ ወይም ከበደ ማለት። ሄለን ታደሰ ብትመጣ ታደሰ የሚባል አባት ስንት አለ? ፍንጩ ፊታችን ተቀምጦ አናየውም። ሟቹን በክፍል 1 ብርቅ ስም ከሰጣችሁት ግን በኋላ ልጅ ልታመጡለት አትችሉም። እና ክሬዲቱ ላይ የተዋናዩን ስም ብቻ ጻፉ፤ የገጸ ባሕሪውን ተዉት።

ለገጣፎ (ጸሐፊ)፦
የስሙ ነገር ልክ ነው። የጋሼም ድንኳን እኔ ከምለው ጋር ይሄዳል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው አዲስ ገጸ ባሕሪ አይደለም፣ በክፍል 1 የገባ ነው። የሰበታው ወንድሜ የሚያመጣው ግን ድንኳን ውስጥ ያልነበረውን ነው፤ ከዚያ በፍላሽባክ ነበረ ይለናል።

ሰበታ (ፕሮዳክሽን ማናጀር)፦
ፍላሽባክ ምን አደረገህ? በአግባቡ ከተሠራ ያው ነው።

አያት (ኤዲተር)፦
በአግባቡ አይሠራማ! በተለይ እዚህ ዳር ዳር ላይ። ክፍል 1 ሲቀረጽ ከቪላው ጀርባ የነበረው ቤት አጠና ታስሮበት ብሎኬት እየተደረደረ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ሄደህ «ያን ሌሊት» ስትቀርጽ ጣሪያው አልቋል፣ ሳተላይት ዲሽ ተሰቅሏል፣ የአፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ለብሷል። በክረምት የተቀረጸውን በጥር ብትደግመው ደግሞ ሣሩ ቢጫ ነው፣ አቧራው ቅጠል ላይ ተኝቷል። የግድ ከሆነ ውስጥ ቅረጽ፣ መስኮት አታሳይ፣ ረዘም ባለ ሌንስ ጀርባውን አደብዝዘው። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ የቀረጻ ቀን ከካሜራው ቦታ ዙሪያውን ፎቶ አንሱ የምለው። ደግሞ ያየነውን ሲን ከፍተህ አዲስ ሰው ብትሰካበት የድሮው ሲን ራሱ ውሸት ይሆናል። ተመልካች ከዚያ በኋላ የምታሳየውን ምንም አያምንም።

ሱሉልታ (የድሮ የሬድዮ ድራማ ጸሐፊ)፦
መርማሪውን የምትቀይሩ ከሆነ ግን ብዙ አትጨነቁ፤ እሱ ተጠርጣሪ አይደለም። ሚድሶመር መርደርስ የሚባለው የእንግሊዝ የወንጀል ድራማ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጆን ኔትልስ መርማሪነት ሄደ። እሱ በ2011 ሲለቅ የተተካው በገጸ ባሕሪው የአጎት ልጅ ነው፤ ያ የአጎት ልጅ ቀድሞ በአንድ ክፍል ብቅ ብሎ ታይቶ ነበር። ተመልካች ተረካቢውን ያወቀው ሳይረከብ ነው።

ለገጣፎ (ጸሐፊ)፦
ማንም ያላነሳው ሒሳብ ልጨምር። 40 ደቂቃ የሚሄድ ክፍል 25 ሲን አካባቢ አለው። አዲስ ሰው ለማቆም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቢያንስ አራት አራት ሲን ይበላል። ከማን ትቀንሳለህ? ከነባር ተጠርጣሪዎች ነው። አንድ ተጠርጣሪ ሦስት ሳምንት ካልታየ ተመልካች በ9ኛው ክፍል የጣለውን ቁልፍ ረስቶታል። ፍንጭህን ራስህ ቀበርከው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ፤ የሚገባበት ሲን ደግሞ ከነባር ተጠርጣሪ ጋር ይሁን፣ የድሮ ፍንጭ ያለበት ቤት ውስጥ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እያለ ይተዋወቁ። ካለፉት ክፍሎች ማስታወሻ ስትቆርጡም ከእሱ ቀድሞ ቁልፉን አሳዩ። የታሪኩ የመጨረሻ ሲሶ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማንም አይግባ፤ ምስክር እንኳ ቢሆን።

ሰበታ (ፕሮዳክሽን ማናጀር)፦
የመጨረሻ ሲሶ የምትለው የቱ ነው? ድራማው ስንት ክፍል እንደሆነ መቼ ታወቀና! ስፖንሰር ካለ 60ው 90 ይሆናል፤ ከሸሸ በ44 ይዘጋል። በ40ኛው ክፍል ላይ ያስገባኸው ሰው አንዴ ዘግይቶ መጣ፣ አንዴ መሃል ላይ መጣ ይባላል።

ኮዬ ፈጬ፦
እንግዲያው ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳትወስኑ ነው የምትጀምሩት ማለት ነው።

ሰበታ (ፕሮዳክሽን ማናጀር)፦
ሁለት ገዳይ ይዘን ነው የምንጀምረው፤ አንዱ ለ44፣ አንዱ ለ90። ሁለቱም ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ ነበረባቸው ካላችሁ፣ እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። የኤክስትራውን ምሳ ግን ጋሼ ይክፈሉ።

ሱሉልታ (የድሮ የሬድዮ ድራማ ጸሐፊ)፦
ንፍሮ ይበሉ።