ተራራው ለምቷል፤ ሣሩ ለማን ይድረስ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዋግ ኽምራ ውስጥ በአንድ ወረዳ የተፋሰስ ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን የሴፍቲኔትን፣ ማለትም ችግረኛ ቤተሰቦች የልማት ሥራ እየሠሩ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኙበትን ፕሮግራም፣ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። የሥርዓተ ፆታውም የአካባቢ ጥበቃውም ክፍል በሚገባ ተሞልቷል፤ ሴቶች የወንዶችን ግማሽ ያህል ይሠራሉ፣ ነፍሰ ጡሮች ያለ ሥራ ወደሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ፣ ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ይሆናል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የከለልነው ተራራ አለ። እርከኑን ከሠሩት መካከል ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ነበረች፤ ልጇን አዝላ ድንጋይ ታቀብል ነበር። ዛሬ ሣሩ ከጉልበት በላይ ነው፤ ከግርጌ ደርቆ የነበረው ምንጭም ተመልሷል። ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲታጨድ ድርሻው የተደለደለው በከብት ቁጥር ነው። እርሷ የነበራት አንዲት ፍየል ነበረች፤ ተራራው ሲከለል መሰማሪያ አጥታ ሸጠቻት። ማገዶ እንኳ አሁን የምትለቅመው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ነው። ይህን በዕቅድ እንዴት ማረም ይቻላል?

መልስ 1
እህቴ፣ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። የዕቅዱን ቅጽ ለጊዜው ተይውና የተራራውን መተዳደሪያ ደንብ እዪ። እኛ ደንቡን እንደገና ጽፈን ሣሩ ለየአባወራውና ለየእማወራዋ እኩል እንዲደርስ አደረግን። ከብት የሌለው ድርሻውን ይሸጣል፤ በበጋ አንድ ሸክም ሣር ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ብዙ ከብት ያላቸው ተቆጥተው ሁለት ስብሰባ ረግጠው ወጡ። በሦስተኛው የሥራ መዝገቡን ይዘን ቀረብን። ማን ስንት ቀን እንደሠራ ስም በስም ሲነበብ የሚከራከር ጠፋ።

መልስ 2
በዚህ ላይ የሕፃናት ማቆያውን ጨምሪበት። ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት ቀኗ እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠርላት የፕሮግራሙ መመሪያ ይፈቅዳል፤ ብዙ ቀበሌ ግን አያውቀውም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ማቆያው የተሠራው ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ነበር። የምታጠባ እናት ያን ሁሉ ዳገት ወርዳ እንዴት ትመላለስ? ባዶውን ከረመ። በዓመቱ አራት እንጨትና አንድ ሸራ ይዘን ከሥራው ጋር የሚዘዋወር ዳስ አደረግነው። ያን ጊዜ እናቶቹ ልጆቻቸውን ከጀርባቸው አወረዱ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡን ዛሬ ከመደርደሪያ አወረድሁት። ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ የዚያች እናት ስም አለ፤ በፊርማው ቦታ የአውራ ጣቷ አሻራ። ቅዳሜ ቀበሌው ይሰበሰባል፤ ይዤው እሄዳለሁ።