ሳይን 30 ስለው -0.988 እያለኝ ነው!! ከ1 ሰዓት በኋላ ክፍል አለኝ፣ እርዱኝ

ቲቸር ትሪጎ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቼ ትሪጎኖሜትሪ ላስተምር ገባሁ፣ 10ኛ ክፍል ነው፣ ሳይን 30 ብዬ ስጽፍ -0.988 አለ። ልጆቹ ትናንት ሦስት ማዕዘን ስለው በማስመሪያ ለክተው 0.5 አግኝተዋል። አንዷ ደብተሯን ከፍ አድርጋ "ቲቸር የትኛውን እንመን?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ሳይን 90 ደግሞ 0.894 ይላል። አጥፍቼ አበራሁት፣ አጥፍቼው እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ቫይረስ ይሆን እንዴ? ሌላኛው ሴክሽን ከ1 ሰዓት በኋላ ነው

ኮሳይን፦
ራዲያን (ሌላ የአንግል መለኪያ) ላይ ነው። ዲግሪ አድርገው

ጠመኔና ሰሌዳ፦
ወንድሜ አትቀየመኝና ችግሩ ከዚህ በፊት ነው የሚጀምረው። አሁን ሁሉም ሰው ስክሪን ይዞ ክፍል መግባት ነው፣ ልጁ ግን ክብ በኮምፓስ ስሎ ማዕዘን በፕሮትራክተር ሳይለካ ስክሪኑ ምን ሊነግረው ነው? እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዛ ግምት፣ ከዛ ማሽን ነው የምለው። ልጆቹ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት ስንት ይመጣል ብለው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ግምት የሌለው ልጅ -0.988ንም ዝም ብሎ ይገለብጣል።

ቲቸር ትሪጎ፦
እህትህ ነኝ 🙂 እኛ እኮ በእጅ ሠርተናል፣ ለዛ ነው ልጅቷ የያዘችኝ። ኮሳይን፣ ዲግሪ የሚል ነገር ፈልጌ አጣሁ፣ የት ነው ያለው?

ሠላሳ ዙር፦
30 ራዲያን ማለት እኮ ክቡን 4 ጊዜ ሙሉ ዞሮ የአምስተኛውን ሦስት አራተኛ ትንሽ አለፍ ብሎ መቆም ነው 😄 ምስኪን አንግል ደክሞት ታች ወደቀ። የምሬን ነው፣ ብታሰይው ከክቡ ታችኛው ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚያርፈው፣ ለዛ ነው መልሱ ወደ -1 የተጠጋው።

ኮሳይን፦
ራዲያን ነው ብያለሁ እኮ። ሴቲንግ ገብተሽ ዲግሪ አድርጊው

ባለ ግራፍ፦
በየትኛው ፕሮግራም እንደምትሠሪ አልነገርሽንም! ይለያያል እኮ። ዴስሞስ ከሆነ ከላይ በቀኝ በኩል የመፍቻ ምልክት አለ፣ እሱን ስትነኪ ራዲያንና ዲግሪ የሚል ይመጣል። ካልኩሌተር ከሆነ ሞዱን ነው የምትቀይሪው። የስልክ ካልኩሌተር ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈው አሁን ያለሽበት ሳይሆን ስትነኪው የምትሄጂበት ሊሆን ይችላል፣ ስንት ተማሪ በዚህ ተሳስቷል።

ቲቸር ትሪጎ፦
ይቅርታ ጂኦጂብራ ነው፣ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ ላፕቶፑ ላይ የተጫነው። ፍጠኑልኝ 40 ደቂቃ ቀረኝ

ባለ ግራፍ፦
እሺ፣ ጂኦጂብራ ላይ ሞድ አትፈልጊ፣ ከ30 ቀጥሎ የዲግሪ ምልክቷን ጨምሪ፣ 30° እንዲሆን። ኪቦርድ ላይ አልት ይዘሽ ኦ ፊደልን ስትጫኚ ትመጣለች። እምቢ ካለሽ 30 ሲባዛ በፓይ ሲካፈል ለ180 ብለሽ ቅንፍ ውስጥ ጻፊው፣ ያው 0.5 ነው የሚሰጥሽ። ምልክቷ ከሌለች ቁጥሩን ራዲያን ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ጥርጣሬ፦
እኔ "ቫይረስ ይሆን እንዴ" በሚለው አልስማማም። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ ፕሮግራሙ የጠየቅሽውን በትክክል ነው የመለሰው፣ 30 አልሽው እንጂ 30 ዲግሪ አላልሽውም። ልጆቹም መስማት ያለባቸው ይሄንን ነው፣ "ማሽኑ ተሳስቶ ነበር አስተካከልኩት" ብለሽ ከገባሽ ነገ ካልኩሌተር ይዘው ፈተና ላይ ያንኑ ይደግሙታል። ለሁለተኛው ሴክሽን እኔ ብሆን -0.988ን ሆን ብዬ አሳያቸዋለሁ።

ቲቸር ትሪጎ፦
0.5 አለ!!! ተባረክ ባለ ግራፍ። ግን አሁን የሳይን ግራፍ ኤክስ ላይ የዲግሪ ምልክት ጨምሬ ሳሳይ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣ ማዕበሉ ጠፋ። ይሄንንስ ምን ላድርገው

ኮሳይን፦
ዙም አውት አድርጊ

ሠላሳ ዙር፦
ቀጥ ብሎ አይደለም፣ ገና መታጠፍ አልጀመረም ነው። ስክሪኑ ከ-10 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያሳይሽ፣ ሳይን 10° ደግሞ 0.17 ብቻ ነው።

ባለ ግራፍ፦
ዙም አውት ብቻ አይበቃም፣ ሁለቱም አክሲስ አብረው ስለሚያንሱ ማዕበሉ ክር አክሎ ይቀራል። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ሴቲንግ ውስጥ ኤክስን ከ-30 እስከ 390፣ ዋይን ከ-1.5 እስከ 1.5 ማድረግ። እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው፣ የዲግሪ ምልክቷን ከግራፉ አውጥተሽ ሳይን ኤክስ ብቻ ትጽፊና እዛው ሴቲንግ ውስጥ የኤክስ አክሲስ ዩኒት የሚለውን ° ታደርጊዋለሽ። ያኔ መስመሩ ላይ 90፣ 180፣ 270 እያለ ይጽፍልሻል፣ ማዕበሉም ቅርጹ ሳይጨፈለቅ ይታያል።

ጠመኔና ሰሌዳ፦
እህቴ ወንድሜ በማለቴ ይቅርታ። ልጆቹ ራዲያን ምንድነው ማለታቸው አይቀርምና ይሄን ያዢ፦ ክብ ያለው ማንኛውም ነገር፣ ክዳንም ቢሆን፣ በሬዲየሱ ልክ ክር ቆርጠሽ ዙሪያውን አስለኪያቸው። አንዷ ክር የምትሸፍነው 1 ራዲያን ነው፣ ወደ 57.3 ዲግሪ። ስድስቴ ይገባና ትንሽ ክፍተት ይቀራል፣ ያቺ ክፍተት የክሩን ሩብ አካባቢ ናት፣ ምክንያቱም ዙሪያው ሁለት ፓይ፣ 6.28 ነው። 360 የሰው ምርጫ ነው፣ 60 በ60 ይቆጥሩ ከነበሩት ከባቢሎናውያን ጋር ተያይዞ የመጣ። ራዲያን ግን ከራሱ ከክቡ ነው የሚወጣው። እኔ ይሄን ሳሳይ ልጆች ክሩን ይዘው ሌላ ክዳን ፍለጋ ይነሳሉ።

ጥርጣሬ፦
ይሄ በጣም ጥሩ ነው። ከዛ 30 ክር ዙሪያውን ቢጠመጠም የት ያበቃል ብለሽ ጠይቂያቸው፣ -0.988 ከየት እንደመጣ ራሳቸው ያገኙታል።

ቲቸር ትሪጎ፦
ዩኒቱን ቀየርኩት፣ ማዕበሉ መጣ!! ክር ፍለጋ ሄድኩ፣ ደወል ሊደወል ነው፣ ስወጣ እነግራችኋለሁ

አዲስ ገቢ፦
በዚሁ ልጠይቅ፣ እኔ ኤክሴል ላይ ነው የማስተምረው እዛም ታንጀንት 45 ስለው 1.62 ይላል፣ 1 መሆን አልነበረበትም?

ኮሳይን፦
ራዲያን ነው

ባለ ግራፍ፦
አዎ ያው ነው፣ ኤክሴልም የሚያስበው በራዲያን ነው። ታንጀንት ብለሽ ወይ ብለህ ቅንፍ ስትከፍት በቀጥታ 45 አትጻፍ፣ ራዲያንስ የሚለውን ፈንክሽን አስገባና በሱ ቅንፍ ውስጥ 45 አድርግ። ከ0 እስከ 360 በየ15 ዲግሪው በአንድ ኮለም ደርድረህ ወደታች ብትጎትተው ልጆቹ ሰንጠረዡን ራሳቸው ይሠሩታል። 90 ላይ ሲደርስ በጣም ትልቅ ቁጥር ያመጣል፣ እሱን ትክክለኛ መልስ ነው ብለህ እንዳትወስደው፣ ታንጀንት 90 የለም፣ ፓይ ተቆርጦ ስለሚቀመጥ ነው።

ጠመኔና ሰሌዳ፦
እህቴ ቲቸር ትሪጎ ከክፍል ወጣሽ? ስንት ክር ገባ አሉ? ደብተሯን ያነሳችው ልጅ የመጀመሪያው ሴክሽን ውስጥ ናት አይደል፣ ክሩን ይዘሽ ወደሷም ተመለሺ፣ ጥያቄዋ እስካሁን መልስ አላገኘም