አዲስ ኮምፒውተር ነው፣ ጌሙ ይዘጋብኛል፣ ማይኬም አይሰማም፤ ማታ ግጥሚያ አለን፣ ድረሱልኝ

ጥይት_ቆጣቢ፦
ሰላም ለቤቱ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ሁሉም ነገር አዲስ። ኦንላይን ጌም ስገባ መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፣ ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ምንም ሳይል ዴስክቶፕ ላይ ይጥለኛል። ኤረር አይጽፍም፤ አንዳንዴ ከመዘጋቱ በፊት ድምፁ ይንተባተባል። ሁለተኛው ማይኬ ነው። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፣ እኔን ግን በጌሙም በዲስኮርድም (የምናወራበት አፕ) ማንም አይሰማኝም። ሄድሴቱ ጤነኛ ነው፣ በድሮው ላይ ይሠራል። ኮምፒውተሩ አዲስ ስለሆነ ችግሩ ከእሱ አይደለም፣ የጌሙ ሰርቨር ይመስለኛል። ማታ 3 ሰዓት ግጥሚያ አለን፣ የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

ላግ_ጠላ፦
ድራይቨር አፕዴት አድርግ።

ባለ_ዊንጥ፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ፕሮሰሰሩ ምንድነው? ግራፊክስ ካርዱስ? ራሙ ስንት ጊጋ፣ በስንት ፍጥነት? ዊንዶውስ 10 ነው 11? ሄድሴቱ በዩኤስቢ ነው፣ በብሉቱዝ ነው ወይስ በጃክ? «ሁሉም ነገር አዲስ» ከሚል ጽሑፍ ማንም ምንም ሊያነብልህ አይችልም። ደግሞ ሁለት ችግር ነው ያመጣኸው። የጌሙ መዘጋት ሌላ፣ የማይኩ ዝምታ ሌላ። ሁለቱን ባንድ ላይ ስትነካካ ብትውል ቢስተካከል እንኳ በምን እንደተስተካከለ አታውቅም። አንድ ነገር ቀይር፣ ሞክር፣ ካልሆነ ወደነበረበት መልሰህ ወደሚቀጥለው እለፍ።

ኮፍያ_ገልብጥ፦
ቡድኑን ጠይቃችሁታል? ማይኩ ባለመሥራቱ ደስ ብሎት ከሆነ ምን ታውቃላችሁ።

ገመድ_ፈቺ፦
«አዲስ ስለሆነ ከእሱ አይደለም» ያልከው ላይ አልስማማም። እንዲያውም መጠርጠር ያለበት አዲሱ ነው። ራሙ በትክክል ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ የግራፊክስ ድራይቨሩም ዊንዶውስ በራሱ ያስገባው አሮጌ ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ጌሙ ክፍት እንደሆነ ግንኙነት ተቋረጠ ብሎ ወደ ሎቢ ይመልስህ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ከጣለህ የሞተው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ፕሮግራም ሲሞት ደግሞ ዊንዶውስ ይመዘግባል። ስታርት ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብለህ ፈልግና ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ የሚለውን ክፈት። ቀይ ምልክት ያለበትን ቀን ተጫን፣ ከታች የጌሙን ስም ስታገኝ ሁለቴ ጠቅ አድርገው፣ «ፎልት ሞጁል ኔም» ከሚለው ጎን ያለውን ጻፍልን። የመጨረሻውን ብቻ አይደለም፣ የሦስት አራቱን አምጣ።

ላግ_ጠላ፦
ድራይቨሩን ግን አፕዴት አድርጓል?

ጥይት_ቆጣቢ፦
አድርጌያለሁ፣ ያው ነው። ራይዘን 5 7600፣ አርቲኤክስ 4060፣ ራም 32 ጊጋ፣ ባለ 16 ሁለት ፍሬ፣ ካርቶኑ ዲዲአር5 6000 ይላል። ዊንዶውስ 11። ሄድሴቱ ባለ ጃክ ነው፣ ኋላ አረንጓዴው ላይ ሰክቼዋለሁ። ሪላያቢሊቲውን ልየው።

ቮልቴጅ፦
ፓወር ሳፕላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱን በአንድ ገመድ ሁለት ራስ አድርገህ ሰክተኸው ይሆናል። ከፓወር ሳፕላዩ ሁለት ለየብቻቸው የሆኑ ገመዶች አውጣለት። ካርዱ ድንገት ብዙ ዋት ሲጠይቅ አንዱ ገመድ አይችለውም።

ሜሞሪ_ሐኪም፦
@ቮልቴጅ ለትልልቆቹ ካርዶች ያልከው ልክ ነው። 4060 ግን የሚወስደው 115 ዋት አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ሞዴልም ያለው ባለ 8 ፒን አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ገመድ የት ይሰካዋል? ፓወር ሲያጥር ደግሞ በብዛት ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም ብሎ ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል፣ ኢቨንት ቪውወር ውስጥም ከርነል ፓወር 41 የሚል ምልክት ይተዋል። እዚህ የሚወድቀው ጌሙ ብቻ ነው።

ነብር_ዐይን፦
ፋየርዎሉንም አንቲቫይረሱንም አጥፍተህ ሞክር፣ ሁለቱንም ይፈታል።

ገመድ_ፈቺ፦
አታጥፋ። አንቲቫይረስ ከጠረጠርክ የጌሙን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ውጭ አድርግ። ፋየርዎል ድምፅ ቢከለክል ደግሞ የሌሎቹንም ድምፅ ባልሰማ ነበር፣ ወይም ዲስኮርዱ ከቻናሉ ጋር ሳይገናኝ ቆሞ ይቀር ነበር። ይህ ሰውዬ ይሰማል፣ አይሰማም የተባለው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ችግሩ ከጃኩ እስከ ዊንዶውስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ስለ ጃኩ አንድ ጥያቄ። «በድሮው ላይ ይሠራል» ያልከው ድሮው ላፕቶፕ ነው? ሄድሴቱስ የሚያልቀው በአንድ ጃክ ነው በሁለት?

ጥይት_ቆጣቢ፦
አዎ ላፕቶፕ ነበር። አንድ ጃክ ብቻ ነው ያለው።

ገመድ_ፈቺ፦
በቃ፣ ማይኩ ተገኘ። የጃኩን ብረት ተመልከት፣ ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠር። ሦስት ከሆኑ ባለ አራት ንክኪ ጃክ ነው፦ ግራ ድምፅ፣ ቀኝ ድምፅ፣ መሬት፣ ማይክ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ነጠላ ቀዳዳ አራቱንም ያነባል። የዴስክቶፕ ኋላ ያለው አረንጓዴ ቀዳዳ ግን ሦስት ንክኪ ነው የሚያውቀው፣ ድምፅ ያወጣል እንጂ ማይክ የሚያነብበት የለውም። ማይክ የሚገባው በሮዙ ነው። ስለዚህ ሄድሴቱም ጤነኛ፣ ኮምፒውተሩም ጤነኛ፣ የማይክህ ሽቦ ግን የትም አልደረሰም። ሴቲንግ ውስጥ እስከ ነገ ብትቆፍር አታገኘውም።

የምትፈልገው ስፕሊተር ነው፦ ባንድ በኩል ባለ አራት ንክኪ ሴት ቀዳዳ፣ በሌላው በኩል ሁለት ወንድ ጃክ፣ አንዱ የድምፅ አንዱ የማይክ። ስትገዛ ተጠንቀቅ፣ መልኩ አንድ ሆኖ ሁለት ኢርፎን ለሁለት ሰው የሚያካፍል አለ፣ እሱ አይጠቅምህም። ሁለቱ ጫፎች ላይ የሄድፎንና የማይክ ምልክት መኖሩን እይ። ትንሿ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድም ትሆናለች፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካላት ግን ባለ አራት ንክኪ ጃክ የምትቀበል መሆኗን አረጋግጥ።

ለዛሬ ማታ፦ የኬዙን ፊት እይ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለና ምልክቱ ማይክ ያለው ሄድፎን ከሆነ እዚያ ስካው፣ ሊሠራልህ ይችላል። ካልሆነ ዲስኮርድን በስልክህ ክፈትና በስልኩ አውራ፣ ጌሙን በኮምፒውተሩ ስማ።

ከሰካህ በኋላ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ግባ። ኢንፑት የሚለው ሥር ማይኩን ምረጥና ስትናገር መስመሩ መንቀሳቀሱን እይ። እዚያ ካልተንቀሳቀሰ ዲስኮርድን መነካካት ከንቱ ነው። ተንቀሳቅሶ ዲስኮርድ ካልሰማ ደግሞ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ማይክሮፎን ውስጥ ግባ። እዚያ መጨረሻ አካባቢ ለዴስክቶፕ አፖች ማይክ የሚፈቅደው ማብሪያ አለ፣ ጌምና ዲስኮርድ የሚገዙት በእሱ ነው። ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ አብርቶ ይወጣል።

ኮፍያ_ገልብጥ፦
ሴት ቀዳዳ፣ ወንድ ጃክ። ልጆች እያነበቡ ነው ጋሼ።

ጥይት_ቆጣቢ፦
ሦስት ቀለበት ነው! የኬዙ ፊት ላይ ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው፣ እንግዲህ በስልክ አወራለሁ።
የሪላያቢሊቲውን አየሁት። አንዱ ላይ የጌሙ ራሱ ስም፣ አንዱ ላይ ኤንቲዲኤልኤል (የዊንዶውስ የራሱ ፋይል)፣ አንዱ ላይ ኤንቪ ብሎ የሚጀምር ረጅም ነገር። ብራውዘሩም ዘግቷል ይላል፣ እኔ እንኳን አላስተዋልኩም።

ላግ_ጠላ፦
ኤንቪ ካለ ኢንቪዲያ ነው። ድራይቨሩን በዲዲዩ (ድራይቨር ከሥሩ የሚያጸዳ ፕሮግራም) ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ እንደገና ጫን።

ሜሞሪ_ሐኪም፦
ሦስቱም ላይ ኤንቪ ቢል ኖሮ እኔም እንደ ላግ_ጠላ እል ነበር፤ ሴፍ ሞድ ገብቶ በዲዲዩ ማጽዳት ያኔ ነው የሚጠቅመው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚሞት ነገር ጥፋቱ እዚያው ነው። በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚሞት፣ አልፎ ተርፎ ብራውዘር የሚጥል ግን የሁሉም የጋራ የሆነውን ነገር ነው የሚያስጠረጥረው፣ እሱም ራም ነው። ፕሮግራሙ ያስቀመጠውን ቁጥር መልሶ ሲያነበው ተቀይሮ ይጠብቀዋል፣ በደረሰበት ይወድቃል።

ካርቶኑ ላይ ያለው 6000 ኦቨርክሎክ ነው፣ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ለ7600 ኤኤምዲ በሁለት ፍሬ የሚያረጋግጠው እስከ 5200 ነው። ከዚያ በላይ የሚኬደው ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ የሚባለውን ፕሮፋይል በማብራት ነው። አብዛኛው ማሽን ይችለዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም፣ በተለይ ባዮሱ የቆየ ከሆነ። ዴስክቶፕ ላይ ዝም ብለህ ስትቀመጥ አይታወቅህም፣ ጌም ራሙን ሞልቶ ሲሠራበት ነው የሚጋለጠው።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀል፣ ኬዙን ክፈት። የራም ቀዳዳው አራት ከሆነ ሁለቱ ፍሬዎች ከፕሮሰሰሩ ጀምረህ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሁኑ፣ ቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው የተጻፉት ናቸው። ጎን ለጎን ገብተው ከሆነ አዛውራቸው። ቀጭ እስኪል ሁለቱንም ጫፍ ተጫን። ከዚያ አብራና ዴሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን፣ ባዮስ ይከፈታል። ኤክስፖ በርቶ ከሆነ ዲሴብልድ አድርገው፣ ኤፍ10 ብለህ ሴቭ አድርገህ ውጣ። ዊንዶውስ ሲገባ ታስክ ማኔጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ላይ ፍጥነቱን እይ፣ 4800 አካባቢ ማለት አለበት። ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ትንሽ ይቀንሳል፣ ግጥሚያ መሀል ከመጣል ይሻላል።

ባዮስ አፕዴት ዛሬ አታድርግ። ነገ በሰላም ጊዜ ይደርሳል። ያን ጊዜም የቦርዱን ትክክለኛ ሞዴል ከነ ሪቪዥኑ አይተህ ከአምራቹ ገጽ አውርድ፤ ዊንዶውሱ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጎት ከሆነ ቢትሎከርን ለጊዜው ሰስፔንድ አድርግ ወይም ባለ 48 አኃዙን ሪከቨሪ ኪይ አስቀድመህ ያዝ፣ ካልሆነ በር ላይ ያቆምሃል። ከአፕዴቱ በኋላ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ሊመለስ ይችላል፣ ስለዚህ ሴኪዩር ቡት በርቶ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያለ እሱ የማያስገባ አንቲቺት (ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም) አለ። ከዚያ ኤክስፖን መልሰህ አብራና ሞክር። አሁንም ከጣለህ ፍጥነቱን በእጅ 5600 አድርገው፣ ካልሆነም 5200።

በ4800 እያለም ከዘጋ ወሬው ሌላ ነው። አንዱን ፍሬ አውጣና ሌላውን ብቻውን ኤ2 ላይ አድርገህ ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነሣ፣ አራቱን ዙር ይጨርስ። ከዚያ ሁለተኛውን። አንድ ቀይ መስመር እንኳን ካየህ ራሙን መልስ፣ ጥንድ ሆኖ የተሸጠ ስለሆነ ሁለቱንም።

ባለ_ዊንጥ፦
ይህ ሁሉ የመጣው ፕሮሰሰሩንና ራሙን ስለጻፈ ነው። ልብ በሉ።

ጥይት_ቆጣቢ፦
ራሙ 1ኛና 2ኛው ላይ ነበር፣ ጎን ለጎን!! አዛወርኩት፣ ኤክስፖውንም አጠፋሁ። አሁን ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፋኑ ይዞራል፣ ምንም አይመጣም። በስልክ ነው የምጽፈው። አበላሸሁት?

ሜሞሪ_ሐኪም፦
አትንካው። ፓወሩን እንዳትጫን። ራም ሲነካ ኤኤም5 ቦርድ (እንደ አንተ 7600 ያለ ፕሮሰሰር የሚገባበት) ራሙን እንደ አዲስ ይለካዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሱ አንዴ ሁለቴ ሪስታርት ቢያደርግም አትደንግጥ። ቦርዱ ላይ ድራም የሚል ትንሽ መብራት ካለ እሱን ተመልከት፣ ሲያልፍ ይነሣል። ሩብ ሰዓት አልፎ ካልተነሣ አጥፋና ፍሬዎቹን እንደገና በደንብ ተጫን።

ጥይት_ቆጣቢ፦
ተነሣ!!! 4800 ይላል። ገባሁ።

ኮፍያ_ገልብጥ፦
እና? ሰውዬ? አሸነፋችሁ?

ውሃ_ልክ፦
ጠያቂው ከጠፋ ቦታውን ልያዝ። የእኔ ጌም አይዘጋም፣ ማይኬም ይሠራል፣ ግን ድምፅ ቻናል ስገባ የጌሙ ድምፅ ወዲያው እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል። ብሉቱዝ ሄድፎን ነው። ሌላው፣ ፑሽ ቱ ቶክ (ተጭኖ ማውሪያ) አድርጌ የያዝኩት ቁልፍ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፣ ጌም ውስጥ አይሠራም።

ላግ_ጠላ፦
የብሉቱዝ ድራይቨር አፕዴት አድርግ።

ገመድ_ፈቺ፦
የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም። ብሉቱዙ ጥሩ ስቴሪዮ የሚያመጣው ማይኩ ሲዘጋ ነው። ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ሞድ ይገባል፣ ድምፁም ሞኖ ሆኖ ይደበዝዛል። መፍትሔው የሄድፎኑን ማይክ አለመጠቀም ነው፦ ዲስኮርድም ጌሙም ውስጥ ኢንፑቱን ሌላ ማይክ አድርግ፣ የዌብካም ወይም ርካሽ የዩኤስቢ ማይክ ይበቃል። ሁለቱም ውስጥ መቀየርህን እርግጠኛ ሁን፣ አንዱ የብሉቱዙን ማይክ ከከፈተ የሌላውም ድምፅ ይበላሻል። «ዲፎልት» ብለህ አትተወው፣ በስም ምረጠው።

ለቁልፉ፣ ጌሙ እንደ አድሚኒስትሬተር እየተከፈተ ይሆናል። ዊንዶውስ ዝቅ ባለ ፈቃድ የተከፈተ ፕሮግራም ከፍ ባለው ውስጥ የሚጫነውን ቁልፍ እንዲያይ አይፈቅድም። የጌሙ አይከን ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ግባና ራን አዝ አድሚኒስትሬተር የሚለውን ምልክት አንሣ። ጌሙ ያለዚያ አልነሣ ካለ ዲስኮርዱንም ከትሬው (ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትንንሽ አይከኖች) ሙሉ በሙሉ ዝጋና እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈተው።