ፖሊስ ቃል ስጪ አለኝ፣ ቪዛዬ ግን በአሠሪዬ እጅ ነው

የኮቺ ልጅ (እንግሊዝ)

ሰላም የጅማ ልጆች። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁ።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። የመጣሁት በአሠሪዬ ስፖንሰርነት ነው። ማታ ማታ የምንከባከባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ካንሰር አለባቸው። ለሕመማቸው ጀርባቸው ላይ የሚለጠፍ የፌንታኒል (ኃይለኛ ማስታገሻ ነው) ፓች ታዞላቸዋል። በየ72 ሰዓቱ መቀየር አለበት። መዝገቡን ስታዩት ተቀይሯል ይላል፣ ሁለት ፊርማም አለበት። ገላቸውን ሳጥባቸው ግን ጀርባቸው ባዶ ነው። መጀመሪያ ወድቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ሲደጋገም አላስችል አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ነው የሚያድሩት።

ለኃላፊዋ ነገርኳት። «አንቺ ነርስ አይደለሽም» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ሁለተኛ ምስክር ሆነሽ ፈርሚ ተባልኩ። ያላየሁትን አልፈርምም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሺፍቴ እየተቀነሰ ነው።

አሁን የሴትየዋ ልጅ ለፖሊስ አመልክታለች። መርማሪው ደውሎ ሐሙስ ቃል እንድሰጥ ጠየቀኝ። ጅማ ላለው አጎቴ ብነግረው «ፖሊስ ደጃፍ እንዳትደርሺ! ወንድምሽን ማን ሊያስተምረው ነው?» አለኝ። በዚያው አፉ ደግሞ ለቤቱ ጣሪያ ብር ላኪልኝ ይላል።

ቃል ብሰጥ ስፖንሰርነቴን ይሰርዙብኛል? ፖሊስስ ስሜን ይደብቅልኛል? ለኃላፊዋ ቀድሜ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ሄርማታ (ለንደን)

አብሽሪ እህቴ። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፣ ነገሩ ሁለት መልክ አለው።

የመጀመሪያው የሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥፋት የሚያጋልጡ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ጥበቃው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው፣ ስንት ዓመት ሠራሽ ብሎ አይጠይቅም። ለኃላፊሽ የተናገርሽው ራሱ በዚህ ሕግ ሊሸፈን ይችላል። ውልሽ ላይ «የውስጥ ጉዳይ ውጭ አይወራም» የሚል አንቀጽ ቢኖር እንኳ ሕጉ የሚጠብቀውን ጥቆማ ሊከለክልሽ አይችልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው። ሕጉ ለጥቆማ ተቀባይነት በስም የዘረዘራቸው አካላት አሉ። መንከባከቢያ ቤቶችን የሚቆጣጠረው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን አንዱ ነው። ፖሊስ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ ማለት ፖሊስ ጋ አትሂጂ ማለት አይደለም። ለፖሊስ ብቻ ከተናገርሽ ግን፣ በኋላ ፍርድ ቤት ስትከራከሪ ማሟላት ያለብሽ ነገር ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት ለኮሚሽኑ በጽሑፍ አሳውቂ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን እንዳየሽ፣ ለማን እንደነገርሽ፣ ምን ብለው እንደመለሱልሽ ጻፊ። ግልባጩን በራስሽ ኢሜል አስቀምጪ። የታካሚዋን መዝገብ ግን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ወደ ቤት እንዳትወስጂ፣ እሱን በአንቺ ላይ ያዞሩታል። መዝገቡን ማስወጣት የፖሊስ ሥራ ነው። የአንቺ ሥራ የትኛውን ገጽ እንደሚያዩ መንገር ነው።

ሁለተኛው የቪዛው ነው፣ እዚህ ላይ ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። የሥራው ሕግ ቪዛሽን አይጠብቅም። ከሥራ ካሰናበቱሽ አሠሪሽ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለሆም ኦፊስ (ቪዛውን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) ያሳውቃል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር የምትፈልጊበት 60 ቀን ይሰጥሻል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ግን እንግሊዝ ውስጥ ያሉ የእንክብካቤ ድርጅቶች ከውጭ ሰው ከማምጣታቸው በፊት ስፖንሰር ያጡ፣ እዚሁ ያሉ ሠራተኞችን እንዲሞክሩ ግዴታ ተጥሎባቸው ነበር፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ አዲስ የእንክብካቤ ሠራተኛ ከውጭ ማምጣት ተዘግቷል። ያ ላንቺ በር ነው። በማጋለጥሽ ምክንያት ካባረሩሽ ደግሞ ጉዳዩ እስኪታይ ጊዜያዊ እፎይታ መጠየቅ ትችያለሽ። ማመልከቻው ከተሰናበትሽ በ7 ቀን ውስጥ ካልገባ ግን አለቀ። የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አባል ካልሆንሽ ዛሬውኑ ተመዝገቢ።

ጅሬን (ማንቸስተር)

ሄርማታ ሕጉን አሳምረህ ነገርካት። ኪራይዋን ግን ሕጉ አይከፍልላትም። ልጄ፣ ታላቅሽ ነኝና ስሚኝ። የሰው አገር ነው። ፈረንጅና ፈረንጅ ነገ ይታረቃሉ፣ አንቺ ነሽ መሐል የምትቀሪው። የሴትየዋ ልጅ አመልክታ የለም? እሷ ዜጋ ናት፣ እሷ ትጨርሰው። አንቺ «ብዙ አላየሁም» ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ።

ፈረንጅ አራዳ (ሚኒሶታ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ይሄን ምክር አልቀበለውም። እኔ ነርስ ነኝ። ፌንታኒል የታዘዘለት የካንሰር ሕመምተኛ ፓቹ ተነቅሎበት ሲያድር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። «ብዙ አላየሁም» ብትል ቀላል ዝምታ አይደለም፣ ለፖሊስ መዋሸት ነው።

ከእኛ ወገን ማለትም ከሆስፒታል ሰው ያልተባበረበት ምርመራ የትም አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሕመምተኞችን በመድኃኒት ሲገድል የኖረው ነርስ ቻርልስ ከለን የተያዘው እንዴት ነው? ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር አንዱም አላስቆመውም። መርማሪዎቹ የመድኃኒት ማውጫ ማሽኑን ወረቀት ይዘው ነበር፣ ግን ምን እያዩ እንደሆነ አያውቁም። አብራው የምትሠራ ጓደኛው ነርስ ኤሚ ሎረን ናት ቁጭ ብላ ያነበበችላቸው። የትኛው ትዕዛዝ ያለ ምክንያት እንደወጣ ያሳየቻቸው እሷ ናት።

ፖሊስ ሁሉ ወዳጅ ነው ግን አልልም። ቴክሳስ ዊንክለር ካውንቲ ውስጥ ሁለት ነርሶች የአንድ ሐኪም አሠራር አሳስቧቸው ስማቸውን ሳይጽፉ ለሕክምና ቦርዱ አመለከቱ። የአካባቢው ሸሪፍ የሐኪሙ ወዳጅ ነበር። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አፈላልጎ እነሱኑ አስከሰሳቸው። አንደኛዋ ፍርድ ቤት ቀርባ እ.ኤ.አ. በ2010 ነፃ ወጣች። ካውንቲው ለሁለቱ 750,000 ዶላር ከፈለ። በኋላ ሸሪፉ ራሱ ተፈርዶበት ታሰረ። ስለዚህ እህቴ፣ መርማሪው ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቂ። ስሙንና የጉዳዩን ቁጥር ያዢ። በሰጠሽ ስልክ ሳይሆን በጣቢያው ዋና ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ።

እናት ዓለም (ፍራንክፈርት)

ሕጉን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ያቺን ሌሊቱን የሚያቃስቱ እናት ሳስብ ነው የዋልኩት። የእኔም እናት ጅማ ናት፣ መንቲና። ጎረቤት ነው የሚያያት። ክረምት ሲገባ ያ የጅማ ዝናብ ሌት ተቀን ሲወርድ ጉልበቷን ያማታል። የሚያሻት ሰው አለ ወይ ብዬ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ። እዚህ የሰው እናት አጥባለሁ፣ የራሴን እናት በስልክ አያለሁ። የኮቺ ልጅ፣ ልጅቷ አንቺን አምና ነው እናቷን ትታ ወደ ቤቷ የምትሄደው። የእኔን እናት የምታይ ሰው እንዳንቺ ብትሆን ምኞቴ ነው።

ስለ አጎትሽም ልናገር። ለትምህርት የምትልኪውንና ለጣሪያ የምትልኪውን ለዪ። ጣሪያው ይቆያል። የወንድምሽን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ አስገቢ፣ በአጎት እጅ አታሳልፊ። እኔ እንደዚያ ካደረግኩ ወዲህ ጭቅጭቁ ቀንሶልኛል።

ጅሬን (ማንቸስተር)

ብር መላክ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። አሁንም በጓሮ የምትልኩ አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኝ ይኑራችሁ።

ጅማ ነኝ (ጅማ)

እኔ እዚሁ ነኝ፣ የጤና ባለሙያ ነኝ። እዚያ ያላችሁት እዚህ ያለውን ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ሕግ እኛም ጋ አለ። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይባላል። ማንነትን መደበቅ፣ የአካል ጥበቃ፣ ሲያስፈልግ የመኖሪያ ቦታ መቀየር ሁሉ አለበት። ግን ለከባድ ወንጀል ነው፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስቀጣ ለሚችል። አንዲት ፋርማሲስት የመንግሥት መድኃኒት በጎን ሲወጣ አየች እንበል። ጥበቃው ይድረሳት አይድረሳት የሚለው ነገሩ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያዝ ላይ ይንጠለጠላል። እሷ ደግሞ ስትጠቁም ያንን አታውቅም።

መርማሪውስ? ጎበዝ መርማሪ ይኖራል። ቢን ካርድ (የመጋዘን ዕቃ መቁጠሪያ ካርድ) ከሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ጋር እንዴት እንደሚመሳከር ግን ማንም አላስተማረውም። ሞዴል 19 ላይ ገባ የተባለው፣ ቢን ካርዱ ላይ ያለው፣ በሞዴል 22 ወጣ የተባለውና መደርደሪያው ላይ የተቆጠረው አራቱ ካልገጠሙ ጉድለቱ እዚያ ነው። ይህን የሚያሳየው መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከመርማሪው ጋር አንድ እድር ውስጥ ነው። ከተጠርጣሪው ጋር አንድ ለቅሶ ላይ ይቀመጣል። ጅማ ትልቅ ናት ብትሉም ለዚህ ለዚህ ትንሽ ናት። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር ታሞ የመጣ ገበሬ መድኃኒት የለም ሲባል በሬውን ሸጦ ከግል ይገዛል። የዝምታው ዋጋ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

እናንተ ሕጉ በሚሠራበት አገር እያላችሁ ዝም በይ ስትሏት እኔ እዚህ ምን ልበል?

ጅሬን (ማንቸስተር)

ወንድሜ፣ ሕጉ የሚሠራበት አገር ያልከው ይሄው አገር ጎስፖርት የሚባል ሆስፒታል አለው። ነርሶች እ.ኤ.አ. በ1991 ማስታገሻው ያለ አግባብ እየተሰጠ ነው ብለው ተናገሩ። ማን ሰማቸው? ፖሊስ ሦስት ጊዜ መረመረ፣ አንድም ሰው አልተከሰሰም። በ2018 ገለልተኛ ፓነል 456 ሰዎች ሕይወታቸው አጥሯል አለ። ከ27 ዓመት በኋላ! እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ይህቺ ልጅ 27 ዓመት የላትም፣ 60 ቀን ነው ያላት።

ሄርማታ (ለንደን)

ጋሼ፣ ያነሱት እውነት ነው። ግን የሚያስረዳው የእኔን ሐሳብ ነው። እዚሁ እንግሊዝ ሕመምተኞቹን ሲገድል የኖረውን የሐኪሙን የሺፕማንን ነገር ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በማርች 1998 የጎረቤት ክሊኒክ ሐኪም የሟቾቹ ቁጥር በዝቷል ብላ ለአስከሬን መርማሪው ባለሥልጣን ተናገረች። ፖሊስ ተጠራ። መርማሪዎቹ በ1976 መድኃኒት በማጭበርበር የተፈረደበት ሰው መሆኑን እንኳ ሳያጣሩ መዝገቡን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰው ጨምሮ ገደለ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ 215 ሰው መግደሉን አረጋገጠ። ሐኪሟ መናገሯ ትክክል ነበር። የጎደለው ፖሊስ ነገሩን በሚገባ አለመመርመሩ ነው። ለዚህ ነው ይህቺ እህታችን ዝርዝሩን ይዛ መግባት ያለባት።

ስም መደበቅን በተመለከተ፣ ፖሊስ ያንን ቃል ቢገባልሽ አትተማመኚበት። ክስ ከተመሠረተ ስምሽን የተከሳሹ ጠበቃ ያየዋል። አድራሻሽ ግን የቃልሽ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ለእነሱ አይሰጥም። አስተርጓሚ በነፃ ይመጣልሻል፣ ጠይቂ። ቃሉን ሳታነቢ አትፈርሚ። «ሰምቻለሁ» ያልሽውን «አይቻለሁ» ብለው ከጻፉት አስተካክሉ በዪ።

የኮቺ ልጅ (እንግሊዝ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለኮሚሽኑ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። አስተርጓሚም እጠይቃለሁ። የወንድሜን ክፍያ ነገርም እናት ዓለም እንዳለችው አደርጋለሁ። ለኃላፊዋ ልንገራት አልንገራት የሚለውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሄርማታ (ለንደን)

ሐሙስ ከሺፍትሽ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ፈቃድ ጠይቂ፣ ምክንያቱን ግን አትናገሪ። ሌላውን መርማሪውን ጠይቂው።

ፈረንጅ አራዳ (ሚኒሶታ)

እኔ በፍጹም አትንገሪያት ነው የምለው። መዝገቡ አንድ ሌሊት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ፓቹም ተመልሶ ጀርባቸው ላይ ይገኛል።

ጅሬን (ማንቸስተር)

ሳትነግራት ሄዳ በኋላ ከታወቀ «ከጀርባዬ አሴርሽ» ብላ ነው የምታባርራት! ቢያንስ ለድርጅቱ የበላይ በጽሑፍ ታሳውቅ። እኔ የምለው አንድ ነው፣ ይህቺ ልጅ መጀመሪያ ሌላ ስፖንሰር ታፈላልግ፣ ከዚያ ቃሏን ትስጥ።

ፈረንጅ አራዳ (ሚኒሶታ)

ጋሼ፣ ስፖንሰር እስክታገኝ ሴትየዋ በሕመም ይደሩ ማለትዎ ነው?

ጅሬን (ማንቸስተር)

እንደዚያ አላልኩም፣ ያላልኩትን በአፌ አታድርግብኝ። ለሐኪማቸው ዛሬ ትናገር፣ ሌላ ፓች ይታዘዝላቸው። እሱ ከፖሊስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጅማ ነኝ (ጅማ)

ያዘዘውስ ፓች በማን እጅ ነው የሚገባው ጋሼ? ቁልፉን የያዘችው ያቺው ኃላፊ አይደለችም?