መምህራንን የክፍል ምልከታ ላሠለጥን ነው፤ ገና ሳልጀምር ፈሩኝ

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። በክረምት ሥራ ላይ ያሉ መምህራንን ተግባራዊ ምርምር (መምህሩ የገዛ ክፍሉን ችግር አጥንቶ የሚያሻሽልበትን) እንዳሠለጥን ተመድቤያለሁ። "እርስ በርስ ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ" ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። አንዷ "ነገ የሥራ አፈጻጸም ነጥቤ ላይ ሊመጣብኝ?" አለችኝ። የተማሪዎቹንስ ፈቃድ ማን ነው የሚሰጠው? የሞከራችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

መምህርት (ደብረ ማርቆስ)፦ ብትፈራ አይፈረድባትም። እኛ ዘንድ ወረቀት ይዞ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሱፐርቫይዘር ወይም ርዕሰ መምህር ነው። ማስታወሻው የታየው መምህር ንብረት ይሁን፤ ደወል እንደተደወለ እጁ ይግባ። ይህንንም ርዕሰ መምህሩ ራሱ ፊታቸው ይናገር። አንተ ብትምልላቸው አያምኑህም! ደግሞ መምህር በዓመት ከሚጠበቅበት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ላይ ይታሰብላቸው፤ ትርፍ ሥራ ከመሰላቸው ይሸሹሃል።

የቡሬው፦ እኔ መጀመሪያ ራሴን ነው የማስመለክታቸው። 20 ደቂቃ አስተምራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ "ተማሪው ሰልችቶታል" ዓይነት ነገር ይጽፋሉ። ይሄ ፍርድ ነው። "መጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉ 3 ልጆች ከ4፡10 እስከ 4፡20 ደብተር አልገለጡም" ካሉ ግን ያዩትን ጽፈዋል። ግማሽ ቀን በዚህ ብቻ ቢያልቅ አይቆጭህ። ንድፈ ሐሳቡ የትም አይሄድም።

እህት (ደጀን)፦ ስለ ፈቃዱ፦ ወላጅም ልጁም መጠየቅ አለባቸው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ወረቀት አታስፈርም፤ ምስክር ባለበት በቃል አስረዳው። ልጁን የገዛ መምህሩ ከጠየቀው እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? ሌላ ሰው ይጠይቀው። እምቢ ያለም ከክፍል አይወጣም፤ ማስታወሻው ላይ ብቻ አይገባም። ስም መደበቅም በኮድ ብቻ አያልቅም። በገጠር ትምህርት ቤት "የ6ኛ ክፍሎቹ መንታዎች" ካልክ ቀበሌው በሙሉ ያውቃቸዋል። ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍማ የማይታሰብ ነው።

አንባቢ (ሞጣ)፦ አበዛችሁት እንጂ! የገዛ ክፍሌን ለማሻሻል ሁሉ ፈቃድ ስለቃቅም መቼ ላስተምር ነው?

እህት (ደጀን)፦ ለራስህ ብቻ ከሆነ ልክ ነህ፤ ያው የየዕለት ሥራህ ነው። ለጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ለሚገናኙበት) አቀርበዋለሁ ካልክ ግን ሳትጀምር ጠይቅ። ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ለይስሙላ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ርዕሰ መምህሩን ሰኞ አናግረዋለሁ። የማስታወሻው አንድ ቅጂ እኔ ጋ ቢቀርስ?

መምህርት (ደብረ ማርቆስ)፦ አይቅር። ለሥልጠናው ካስፈለገህ የትኛውን ገጽ እንደሚሰጥህ ባለቤቱ ይምረጥ።